ፋአሴንጋና አስተርጓሚው

ፋአሴንጋ ሰው ትንቅ ነበር። ይህን የሚደብቅላት ዘመድ አልነበራትም፤ እሷም እንዲደበቅላት አልፈለገችም። በሳቫኢ ደሴት ሰሜን ዳርቻ፣ ፋሌታኡ በምትባል መንደር ተቀምጣ ሥራዋን የምታለባብስ ሴት ትንቃለች፤ ስብከት የሚያንዛዛ ቄስ ትንቃለች፤ ዓሣ ሳይዝ ተመልሶ ስለ ማዕበሉ ከፍታ የሚያወራ ወንድ ትንቃለች። አብልጣ የምትንቀው ግን ከኒውዚላንድ እየመጡ ሳሞአን የሚገዙትን ሹማምንት ነበር።

ይህኛው ንቀት ከየት እንደ ጀመረ መንደርተኛው ሁሉ ያውቃል። ታላቁ ጦርነት ባለቀበት ኅዳር አንዲት መርከብ በሽተኞች ጭና አፒያ ወደብ ገባች። የሚያስሉትም የሚያተኩሳቸውም እንዲወርዱ ተፈቀደላቸው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በሽታው ባሕሩን ተሻግሮ ፋሌታኡ ደረሰ። ፋአሴንጋ ባሏንና ሁለት ሴት ልጆቿን በአራት ቀን ውስጥ ቀበረች። መቆፈሪያ የሚያነሳ ጤነኛ ወንድ ስላልነበረ ጉድጓዱንም የቆፈረችው ራሷ ናት። ከአገሩ ሰው ከአምስት አንዱ አለቀ። በምሥራቅ በኩል፣ በአሜሪካኖች እጅ ያለው ደሴት ግን መርከብ ከልክሎ አንድ ሰው አልሞተበትም። እንዲያውም ሐኪም እንላክላችሁ ብሎ ነበር፤ የአፒያ ሹማምንት መልስ እንኳ አልሰጡም። ይህን የሰማችው ከወር በኋላ ነው። አላለቀሰችም። አንዲት መርከብ ማቆም ያልቻሉ ሰዎች አገር አስተዳድራለሁ ማለታቸው አስገርሟት፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በመራራ ሳቅ ሳቀች ይባላል።

ከዚያ ወዲያ የመጡት ገዥዎች ደግሞ አገሩን ለማሻሻል ተነሡ። ወንድ ሁሉ ኮኮናት የሚያበላሸውን ጥንዚዛ በየሳምንቱ ለቅሞ ቆጥሮ እንዲያስረክብ አዘዙ። ከመንደር መንደር በቡድን ሆኖ ዘመድ መጠየቅ ያለ ፈቃድ ወረቀት ተከለከለ። በሰርግና በለቅሶ ከቅጠል የሚሠራውን ስስ የክብር ምንጣፍ ማከፋፈልም ተከለከለ፤ ጊዜ ማባከን ነው ተብሎ። ሁሉም ለሳሞአ ሰው ጥቅም ነው።

ትእዛዙን ይዞ ወደ ፋሌታኡ የሚመጣው ሚስተር ፔቲግሪው የሚባል ተቆጣጣሪ ነበር፤ ፀሐይ ጉልበቱን የላጠው፣ ቁምጣ ለባሽ ሰው። አስተርጓሚው ኢሳራ ነው። ኢሳራ የፋአሴንጋ ባል ታናሽ ወንድም ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ተምሮ፣ የመንግሥት ቆብና ጫማ አግኝቶ፣ መንደሩ የተነጠፈበትን ኮራል የሚባል የባሕር ድንጋይ በጫማው እያንኳኳ ይሄድ ነበር።

አንድ ቀን ሁለቱ ፋአሴንጋን ስስ ምንጣፍ ስትሠራ አገኟት። ከጀመረችው ስድስተኛ ዓመቱ ነው። ቅጠሉ እንደ ክር ተሰንጥቆ፣ ምንጣፉ እንደ ሐር ለስልሶ ነበር። ፔቲግሪው ጠርዙን በዱላው ጫፍ ገለጥ አድርጎ አንድ ነገር ተናገረ።

"እትዬ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ከመልፋት ኮኮናት ቢያደርቁ ይሻልዎታል ነው የሚሉት" አለ ኢሳራ።

"ዱላውን ያንሳ በለው" አለች ቀና ሳትል። "በዚህ ሙሽራ ይዳርበታል፣ ሬሳ ይሸኝበታል፣ ደም የተቃባ ይታረቅበታል። እሱ የሚተኛበት አንሶላ ማንን አስታርቆ ያውቃል? ብለህ ጠይቅልኝ።"

ኢሳራ አጭር ቃል ተናገረ። ፔቲግሪው ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀና ወደሚቀጥለው ቤት አለፈ። ፋአሴንጋ የነቃችው በዚያ ፈገግታ ነው። ያለችው ደርሶት ቢሆን ፈገግ የሚል ሰው አልነበረም።

"ምን አልከው?"

"ትእዛዙን ሰምታለች፣ ታመሰግናለች አልኩት። ለእርስዎ ብዬ ነው፣ እትዬ።"

"ለእኔ አይደለም፤ ለጫማህ ነው" አለችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ንቀቷ ኢሳራ ላይ ከረረ። ነጩ ባለማወቁ ይናቃል፤ ይኸኛው ግን እያወቀ ነበር።

በዓመቱ የፋአሴንጋ አጎት ለቅሶ ሆነ። የፋአሴንጋ ወንድም፣ የቤተ ዘመዱ አለቃ ቱይሎማ፣ ክልከላውን እያወቀ በሬሳው ፊት አሥር ምንጣፍ አከፋፈለ። ዳኛ አልተሰየመም፤ ምስክርም አልተጠራም። አንድ ወረቀት መጣ፤ ያነበበውም ኢሳራ ነው። ቱይሎማ ለሁለት ዓመት ወደ ሌላ ደሴት ይጋዛል፣ የቱይሎማነት ማዕረጉም ተገፏል ይላል። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው በልጅነት ስሙ ነበር። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። አገሩ ስንት ትውልድ ሙሉ ተሰብስቦ፣ መክሮና ካቫ የሚባለውን የሸንጎ መጠጥ ጠጥቶ የሰጠውን ስም አንድ ጸሐፊ ከምሳ በፊት ይነጥቃል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ወንድሟ ጀልባ ላይ ሲወጣ ፋአሴንጋ እስከ ወገቧ ውኃ ውስጥ ገብታ ሸኘችው። በሳሞአ ወንድም የእህቱን ቃል ያከብራል፤ እሷም የሰጠችው ቃል አንድ ብቻ ነው። "ማንም በልጅነት ስምህ ቢጠራህ፣ ቱይሎማ፣ እንዳትሰማው።"

ሁለት ዓመት የተባለው ግዞት እየታደሰ ዘጠኝ ዓመት ሆነ።

ሰው ማሰብ የጀመረው ግን ያ ወረቀት ከመጣበት ቀን አንሥቶ ነው። መጀመሪያ የጠየቁት ትንሽ ነገር ነበር፦ ሕግ ሲወጣ እንድንማከር፣ የተጋዙት እንዲመለሱ። ሺህ ሰው የፈረመበት አቤቱታ ባሕር ተሻግሮ ሄደ። የተመለሰው መልስ ሳሞአውያን ገና ሕፃናት ናቸው፣ ለራሳቸው የሚበጀውን አያውቁም የሚል ነበር። በዚህ ጊዜ ማኡ የሚባለው ማኅበር ተነሣ፤ ቃሉ የጸና ሐሳብ ማለት ነው። መፈክሩም ሳሞአ ለሳሞአውያን ሆነ።

በፋሌታኡ ሸንጎ ሲመከር ሌሞአ የሚባል አዛውንት ረጅም ንግግር አደረገ። ይኼኛው ገዥ ክፉ ስለሆነ ደግ ገዥ እንዲላክልን እንለምን፣ ነገሩ በዚህ ይበርዳል አለ። ብዙዎች ተስማሙ። ፋአሴንጋ የተጋዘው አለቃ እህት ስለሆነች በቤቱ ዳር ተቀምጣ ታዳምጥ ነበር።

"ደግ ለምኑ፣ ይሰጧችኋል" አለች። "ደጉ ሲሄድስ? ደግሞ ትለምናላችሁ? እኔ ደግ ጌታ አልፈልግም፣ አቶ ሌሞአ። እኛው ብናበላሽ እኛው እናስተካክል፤ ቤቱ የእኛ ነው።"

ሌሞአ ሴት በሸንጎ አትናገርም አለ። ትክክል ነው ብላ ዝም አለች፤ ምክንያቱም ተናግራ ጨርሳለች። ሰዎቹ ከዚያ ወዲያ ስለ ደግ ገዥ አላነሱም።

ማኡ ድንጋይ እንኳ እንዳይወረወር አስማለ። ጥንዚዛ አይለቀም፣ ግብር አይከፈል፣ ከመንግሥት ሰው ጋር ማንም አይነጋገር፤ በቃ። ወንዶቹ ነጭ መስመር ያለው ሰማያዊ ሽርጥ ታጠቁ። ፋአሴንጋ እዚህም የምትንቀው አላጣችም። ሌሞአ ሽርጡን ታጥቆ ሲንጎራደድ ከርሞ፣ ጥንዚዛውን በጓሮ በኩል ለኢሳራ ሲያስረክብ ደረሰችበት። "ከፊት ማኡ፣ ከኋላ ጥንዚዛ" የሚል ስም አወጣችለት፤ ስሙ እስኪሞት አልለቀቀውም።

በአንድ ታኅሣሥ ቅዳሜ አፒያ ላይ ባዶ እጁን የተሰለፈ ሕዝብ ላይ ተተኮሰ። ተዉ፣ ሰላም ሁኑ እያለ ሕዝቡን የሚያረጋጋው የማኡ መሪ፣ ትልቁ አለቃም ተመትቶ ወደቀ። ወንዶቹ ሁሉ ወደ ጫካ ገቡ፤ የፋሌታኡ ወንዶችም ተራራውን ወጡ። በጥር የጦር መርከብ ባሕረኞች አወረደ፤ ከፊታቸው ፔቲግሪውና ኢሳራ ነበሩ።

ሴቶቹ ሰማያዊውን ሽርጥ ታጥቀው በሸንጎው ቤት ተቀምጠው ጠበቋቸው። ፔቲግሪው ወንዶቹ የት እንዳሉ ጠየቀ። ወደ ፋአሴንጋ ዞረ።

"ኢሳራ" አለች፤ "ዛሬም የምታመሰግንልኝ ከሆነ ዝም በል። የምለውን እንዳለ የምትነግረው ከሆነ ስማኝ።"

ኢሳራ አንገቱን ደፋ።

"ወንዶቹ የት ናቸው ይለኛል። ባሌ ያውልህ፣ ከዚያ ዛፍ ሥር። ልጆቼ አጠገቡ ናቸው። እዚያ ያስገባቸው የእሱ መንግሥት ነው፤ የት እንዳሉ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። የቀሩትን ከፈለገ ተራራው ይኸው፣ ጫማው እስኪበላ ይውጣ። ጠመንጃ ያላነሣነው ፈርተን አይደለም። ጠመንጃ ያነሣ ሰው ምን እንደሚመስል እያየነው ነው።"

ኢሳራ ማስተርጎም ጀመረ፤ ቀስ እያለ፣ ቃል በቃል። ከሴቶቹ እንግሊዝኛ የሚያውቅ አልነበረም፤ ግን የፔቲግሪው አንገት ሲቀላ፣ ቅላቱም ወደ ጆሮው ሲወጣ አዩ። ተቆጣጣሪው በቃህ አለው። ኢሳራ አላቆመም። በተዘረጋ እጁ መቃብሮቹን አሳየና ጨረሰ፤ ከዚያም ከራሱ አንድ ነገር ጨመረ። ለሴቶቹ በሳሞአኛ ደገመው፤ "ያ የተቀበረው ወንድሜ ነው አልኩት።"

ፔቲግሪው እዚያው የመንግሥቱን ቆብ ከኢሳራ ራስ ላይ ነጠቀ። ባሕረኞቹ ተራራውን ወጡ፤ ሦስት ቀን ዝናብ ወርዶባቸው፣ እግራቸው ቆስሎ፣ አንድ ሰው ሳይዙ ተመለሱ።

በሳምንቱ ማለዳ ላይ ፋአሴንጋ ስትነሣ በደጇ ሰው በምንጣፍ ተሸፍኖ ተንበርክኮ ነበር። የበደለ ሰው እንዲህ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው፤ የተበደለው ወጥቶ ምንጣፉን ካነሳለት ምሮታል፣ ካልወጣም እዚያው ይቀራል። እግሩን አይታ አወቀችው፤ ጫማ አላደረገም። ገብታ ጎደሬዋን በላች። እሳቷን አስተካከለች። ጎረቤት እየመጣ ዙሪያውን ተቀመጠ። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ከምንጣፉ ሥር ላብ ወደ ኮራሉ ይንጠባጠብ ነበር።

ያኔ ወጥታ ምንጣፉን ገፈፈችው።

"በሽታውን አንተ አላመጣኸውም" አለችው። "ውሸቱ ግን የራስህ ነው። እሱን ገና አልረሳሁልህም። ግባና ብላ።"

ኢሳራ ገብቶ በላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየእሑዱ ቤቷ ይበላ ነበር፤ እሷም ሳህኑን እየሞላች ትሰድበው ነበር።

ከስድስት ዓመት በኋላ በገዥዎቹ አገር አዲስ መንግሥት መጣ። ማኡ ተፈቀደ፤ የተጋዙት ተመለሱ። ቱይሎማም በስሙ ተጠርቶ ከጀልባ ወረደ። በተደገሰው ድግስ ላይ አንድ መልከ መልካም ሹም ለስላሳ ንግግር አደረገና ተጨበጨበለት። ፋአሴንጋ አላጨበጨበችም። አጠገቧ የተቀመጠውን ኢሳራን ምን አለ ብላ ጠየቀችው።

"ሥልጣኑን ቀስ በቀስ እንሰጣችኋለን ነው የሚለው፣ እትዬ።"

"የማንን?"

ኢሳራ ተነሥቶ ጥያቄዋን ለሹሙ በእንግሊዝኛ አቀረበ። ሹሙ ጥያቄው መልካም ነው፣ በሌላ ቀን እንወያይበታለን ብሎ ተቀመጠ። ያ ሌላ ቀን፣ ሳሞአ ራሷን የቻለችበት ቀን፣ እስኪመጣ ሃያ ስድስት ዓመት ፈጀ። ፋአሴንጋ አልጠበቀችውም፤ ከድግሱ በአምስተኛው ዓመት፣ አልጋ ላይ ሆና የሚያክማትን ሐኪም ስትነቅፍ ቆይታ ሞተች።