ክረምቱን ያረፈችው መኪና

ቅዳሜ ጠዋት ከባሕር ዳር ስነሳ ቦርሳዬ ውስጥ ቅያሪ ልብስና ጥቂት መፍቻ፣ ከእግሬ ሥር ደግሞ በማዳበሪያ የተጠቀለለ የመኪና ባትሪ ነበር። የሚኒባሱ ረዳት ባትሪውን በጫማው ነካ አድርጎ "ይሄ እንደ ሰው ይከፍላል" አለኝ።

"እንደ ሰው ከከፈለማ ወንበር ስጠው" አልኩት። ሹፌሩ ሳቀ፤ ረዳቱም ሳይወድ ተወኝ።

የምሄደው እንጅባራ፣ አጎቴ አያ ጌትነት ዘንድ ነው። ባለቤታቸው እትዬ አበበች ሐሙስ ደውለው "አጎትሽ መኪናዋን ለዳንግላው ሰውዬ ሸጣት፤ ሰኞ መጥቶ ሊጭናት ነው" አሉኝ። የዳንግላው ሰውዬ አቶ መርሻ ይባላል፤ አሮጌ መኪና እየፈታ መለዋወጫ ይሸጣል። መኪናዋ ነጭ ቶዮታ ዲኤክስ ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች። መንዳት የለመድኩት በእሷ ነው። ዛሬ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ሆኜ እንጀራ የምበላውም አያ ጌትነት እሷን ሲንከባከቡ እያየሁ ስላደግኩ ነው። ተበትና በየመደርደሪያው ስትሸጥ ማሰብ አቃተኝ።

መራዊንና ዱርቤቴን አልፈን ዳንግላ ላይ ለሻይ ቆምን። ትኩስ ዳቦ በሻይ በላሁና መንገድ ቀጠልን። አዲስ ቅዳም ገበያው ስለነበር አስፋልቱ በፈረስ፣ በጋሪና በከሰል ማዳበሪያ ተጨናንቋል። ከዚያ በኋላ ግራና ቀኙ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ብቻ ነው፤ ዛፍ አልፎ ዛፍ። እንጅባራ ስወርድ ብርዱ ከባሕር ዳር ለብሼው የመጣሁትን ስስ ቀሚስ አይቶ ታዘበኝ።

እንጅባራ

አያ ጌትነት ደጃፍ ላይ የቀርከሃ ወንበር አስወጥተው፣ ጉልበታቸውን በጋቢ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። ምርኩዛቸው አጠገባቸው ነው። መኪናዋ ከጓሮ ሸራ ለብሳለች።

እኚህ ሰው በጉብዝናቸው ፈረሰኛ ነበሩ፤ መኪናም የያዙት እንደ ፈረስ ነው። "ሳይዳሰስ አይጫንም" ይላሉ። ጠዋት ሳያስነሷት በፊት አንዴ ይዞሯታል፣ አራቱንም ጎማ በመዳፋቸው ይጫናሉ፣ ጎንበስ ብለው ከሥሯ ዘይት ጠብታ ይፈልጋሉ። ከዚያ ኮፈኖ ተከፍቶ ዘይቱ፣ ውሃውና ቺንጋው ይታያል። ከጭቃ መንገድ ስትመለስ ሆዷ ሳይታጠብ አታድርም። የሞተር ዘይቷ ጠቁሮ አይቼ አላውቅም። መስታወቷ ላይ የድሮ ፈረሳቸው ቀይ ዘርፍ ተንጠልጥሏል። እትዬ አበበች "እኔን እንዲህ ዞሮ ቢያየኝ እስካሁን ኮረዳ ነበርኩ" እያሉ ይስቁባቸዋል። እኔ ግን ሁሌም እደነቃለሁ፤ አሁንም ሸራውን ስገልጥ ቀለሟ እንዳለ ነው።

ውስጧ ግን ሌላ ነበር። ባትሪዋ ሞቷል። ጎማዎቿ በቆሙበት በኩል ተለጥፈዋል። የኋላ እግሮቿ ከፍሬኑ ጋር ተጣብቀው አንነቃነቅ አሉ።

"ምን ሆና ነው አያ?"

"ምንም አልሆነችም፣ አሳረፍኳት" አሉ። "ዘንድሮ ክረምት ጉልበቴ ሲያመኝ እሷም ትረፍ አልኩ። ሥራ የበዛበት ፈረስ ሁለት ወር መስክ ቢለቀቅ እንዴት ሆኖ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። እንዳትንሸራተትም የእጅ ፍሬኗን ጥብቅ አድርጌ ሳብኩላት። ከዚያ ላስነሳት ብል እምቢ አለች። አርጅታለች ማለት ነው ስንዱ፤ እኔም እንደዚያው።"

ሳቄ መጣ፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ዋጥኩት። ከፍቅራቸው ብዛት ነው ያሰሯት።

"አያ፣ ፈረስ ሲያርፍ ሣር ይግጣል። እሷ ስታርፍ ማን አበላት?"

ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ ሳብ አደረጉ። "ለመርሻ ቃል ሰጥቻለሁ" አሉ።

"ምን ብለው?"

"መነሳት አቅቷታል፣ መጥተህ ውሰዳት ነው ያልኩት።"

"ነገ በራሷ ጎማ ሄዳ ደጁ ብትቆምስ?"

ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ትንሽ አሽከረከሩት። "እንግዲያማ የሰጠሁት ቃል ስለ ሌላ መኪና ሆነ። ካልደረሰች ግን የመርሻ ሆና ትቀራለች። እንዳታለቅሺብኝ።"

ከሰዓቱን ሙሉ ሠራሁ። ጎማ አውልቄ ፍሬኑ እስኪለቅ በመዶሻ ቀስ እያልኩ መታሁ፤ ዝገቱን ጠረግሁ። የከረመውን ቤንዚን አውጥቼ አዲስ ሞላሁ፤ ዘይትና ፊልትሮ ቀየርኩ። ካንዴላዎቹን አጸዳሁ፣ የባትሪውን ማሰሪያ በሙቅ ውሃ አጥቤ ያመጣሁትን ባትሪ ገጠምኩ። ጎማዎቹን በባጃጅ ወስጄ አስነፋሁ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ቁልፉን ስጠመዝዝ ሁለቴ አሳላት፤ በሦስተኛው ያዘች። ዞር ስል አያ ጌትነት ቆመዋል፤ ምርኩዙ ወንበሩ ላይ ቀርቷል።

ዘንገና

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ዳንግላ ከመሄዳችን በፊት በጥሊሊ መንገድ ልንሞክራት ወጣን። ዘንገና ሐይቅ ጋ ስንደርስ የሙቀቱ መርፌ ወደ ላይ ወጣ፤ ከኮፈኖው ሥር እንፋሎት ተነሳ። ዳንግላ ሳይመሽ ልድረስ በሚል ጥድፊያ ጨርቅና የውሃ ጀሪካን ይዤ የራዲያተሩን ክዳን ልከፍት ስል አያ ጌትነት ክንዴን ያዙኝ።

"ያላበው ፈረስ ወዲያው ውሃ አይጠጣም።"

ይህን ጋራዥ ውስጥ በየቀኑ የምለው እኔ ነኝ፤ ችኮላ ግን ያስረሳል። እስክትበርድ ብለን በእግር መንገዱ ወደ ሐይቁ ወረድን። ውሃው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ዙሪያው በዛፍ ታጥሯል። አያ ጌትነት መጀመሪያ ላይ በየእርምጃው ያቃስቱ ነበር፤ ስንመለስ ግን ከፊቴ ነበሩ። ኮፈኖውን ስከፍት የራዲያተሩ ቱቦ ተሰንጥቋል፤ ሲቆም የደረቀ ጎማ ነው። ከኋላ ኪሳቸው የካላማዳሪያ ላስቲክ ቁራጭ አወጡልኝ፤ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩትና ውሃውን ቀስ ብዬ ሞላሁ።

ዳንግላ

መንገዱን ሁሉ እኔ መርፌውን ሳይ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሞተሩን ያዳምጡ ነበር። አዲስ ቅዳምን አለፍን። ቱቦው ያዘ።

አቶ መርሻ ከተበታተኑ መኪኖች መካከል እጁን እየጠረገ ወጣ። መኪናዋን አይቶ፣ እኛን አይቶ "ጋሼ፣ ነገ ልመጣ አልነበር?" አለ።

"የሞተች መኪና ነበር የሸጥኩልህ" አሉ አያ ጌትነት። "የሞተችዋን አጣኋት።"

አቶ መርሻ አንዴ ዞራት፤ በሩን ከፍቶ ዘጋ፤ ኮፈኖውን አንስቶ ጆሮውን ሰጠ። እኔ ቃል ቃል ነው ይለን ይሆን ብዬ ዓይኔን ከእሱ አልነቀልኩም።

"ይህችን ብፈታ እጄን ይቆጨዋል" አለ በመጨረሻ። "ይሄን ማሰሪያ ግን አልወደድኩትም።" ገባና ከአንድ የተፈታች ዲኤክስ የወሰደውን ደህና ቱቦ ይዞ መጣ፤ ራሱ ገጠመልን። ልክፈል ብለው ኪሳቸውን ሲዳብሱ "ይተውት ጋሼ፣ ከእህቷ ነው" አላቸው።

ስንመለስ መሪውን አያ ጌትነት ያዙ።

ወደ ቤት

ሰኞ ጠዋት እስከ መናኸሪያ ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው፤ ከመነሳታችን በፊት ግን እንደ ልማዳቸው ዞረው ዳሰሷት። ባሕር ዳር ስገባ እጄ ገና ዘይት ዘይት ይሸታል። ለደንበኞቻችን ስለ ዘይት መቀየር ብዙ ስናገር የኖርኩ ሰው፣ የቆመ መኪና በየሳምንቱ ይንቀሳቀስ ማለትን አሁን አስቀድማለሁ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ስልኬ ጮኸ።

"አዲስ ቅዳም ገበያ ደርሰን ገባን" አሉኝ አያ ጌትነት።

"ምን ገዙ?"

"ምን እገዛለሁ? አበበች ድንቹንም ሽንኩርቱንም ከዚሁ ገዝታለች። እኔና መኪናዋ እግራችንን ልናፍታታ ነው የወጣነው።"

"ጉልበትዎስ?"

"እሷን ሳላስነሳት አልቀመጥ ብዬ፣ ስለሱ ማሰብ ረሳሁ" አሉ። ከበስተኋላቸው ሞተሩ ገና አልጠፋም ነበር።