ማሻን ለማን ሰጠሽ?

ያሰሩኝ ቤት ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። በሩን ከፍተው ሲያስገቡኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ የነቀዘ ባቄላ ሽታ ነው። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ሰው መኖሩን እንኳ አላወቅኩም። ምርጫ ያለፈበት ክረምት ነበርና የመካነ ሰላም ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

«ግቢ፣ ግቢ፤ ጨለማው አይናከስም» አሉኝ አንዲት ትልቅ ሴት ከጥግ። በእርሻ ወሰን ጠብ የታሰሩ ናቸው። የሰሌናቸውን ግማሽ ለቀቁልኝ።

«ምን አጥፍተሽ ነው ልጄ?»

«ጥያቄ ጠይቄ።»

«ማንን?»

«ልጆችን።»

«ያ አላህ! እነሱማ ሳይነኳቸውም አያርፉ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ፊቴን አዩና ሳቁን ዋጥ አድርገው «አብሽሪ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ የቀረውን ያነበብኩት ስኳር ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ጋዜጣ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች ግቢዬ ይሰበሰቡና እንቆቅልሽ እንጫወታለን። መልሱን ያላወቀ እንደ ወጉ አገር ይሰጣል፤ «ወረኢሉን ሰጠሁሽ»፣ «ማሻን ሰጠሁሽ» ይላል፤ ጠያቂው አገሩን ተቀብሎ መልሱን ይናገራል። አንድ ቀን ልብ ብዬ ሳያቸው የሁሉም ዓይን አፌ ላይ ነው። አያስቡም፤ መልሴን ነው የሚጠብቁ። ከፋኝ።

ስለዚህ ሕጉን ለወጥኩት። ጠያቂ ራሱ መልሱን የማያውቀውን ብቻ ይጠይቅ። መልስ ያጣም አገሩን ይስጥ፤ ግን አዲስ ጥያቄ ይመርቅበት። ደግሞ ጓደኛውን የሚቃወም ልጅ መጀመሪያ የጓደኛውን ቃል መልሶ ይናገር፤ ያኛው «አዎ፣ ያልኩት ይኸው ነው» ካላለ መቃወም የለም። ይቺ የመጨረሻዋ ጉድ አሳየችኝ! ጮሌው ጆሮ አወጣ፣ ዝምተኛዋ አፍ አወጣች። ሕጉ ራሱ ምንም አያስብም እኮ፤ ቦታ ብቻ ነው የሚለቅላቸው።

ደስ ያለኝን ጥያቄ በደብተር እጽፍ ነበር። ከምርጫው ወዲህ ልጆች ትሰበስባለች ተብዬ ፖሊሶች ቤቴን ሲፈትሹ ያገኙት ያንን ደብተር ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተጠራሁ። መርማሪው በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው ነው። ደብተሬ ፊቱ ተገልጧል።

«ማሻን ለማን ሰጠሽ?»

«ምን አልከኝ ወንድሜ?»

«እዚህ ተጽፏል። ማሻን ሰጥተሻል፣ አጅባርን ተቀብለሻል። ማን ፈቅዶልሽ?»

ሳቄ መጣብኝ፤ ከንፈሬን ነከስኩት። «እንቆቅልሽ ነው። አንተስ በልጅነትህ አገር አልሰጠህም?»

«እኔ ደሴን ስንቴ ሰጥቻታለሁ!» አለ በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ። መርማሪው ዞሮ ሲያየው ኮፍያውን አስተካከለ።

መርማሪው ገጽ ገለበጠ። ሕጎቼን የጻፍኩበት ነው። «ይህን መመሪያ ማን ላከልሽ?»

«የራሴ ነው።»

«ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ይህን አይጽፍም።»

እዚያ ቤት ያገኘሁት ምስጋና እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳርፎ ቀስ ብሎ አነበበ። «ሰው ሁሉ ካጨበጨበለት ውሸት እውነት ይሆናል?» ቀና አለ። «ይህ ከልጅ ራስ አይወጣም፤ ከጀርባው ትልቅ ሰው አለ። ይህን ያለው የማን ልጅ ነው? ስሙን ንገሪኝና አሁኑኑ ቤትሽ ግቢ።»

ያለችው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። አባቷ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ከስብሰባ ሲመለስ «ሳጨበጭብ ውዬ እጄ ተቃጠለ» ማለቱን ሰምታ ነው የጠየቀችን። ስሟ ከአፌ ቢወጣ አባቷ እንጀራውን ያጣል፤ ምናልባትም እጎኔ ይታሰራል። ማግስቱ ደግሞ ቅዳሜ ነበር። ግቢዬ ታየኝ፤ ድንጋዩ ላይ ለመቀመጥ የሚጋፉት ታዩኝ። አቤት ልቤ እንዴት እንደሄደ!

«እስቲ ያልከውን ልመልሰው» አልኩት። «ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ከራሱ አያወጣም፣ ከጀርባው ትልቅ ሰው አለ። እንዲህ ነው ያልከው?»

«አዎ፣ ያልኩት ይኸው ነው።»

«እንግዲያው ትልቁ ሰው እኔ ነኝ።»

እስክሪብቶውን ተቀበልኩትና ከጥያቄው ሥር ስሜን ከነአባቴ ጽፌ ፈረምኩ። ዋሸሁ ይሆን ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። እስር ቤት ሦስት ቀን ሙሉ በልቤ ሳመላልሰው የከረምኩት ጥያቄ ነው፤ የእኔም ሆኖ ነበር።

ስምንት ቅዳሜ እዚያው አለፈኝ። ስፈታ ወላጆች ፈርተው ልጆቻቸውን አልላኩም፤ አልፈርድባቸውም። ልጆቹም አደጉ፤ ግማሹ ጅዳ፣ ግማሹ ቤሩት ገባ። በኋላ ሌሎች ልጆች ሰብስቤ ያንኑ ሕግ ይዤ ሞክሬያለሁ። ይሠራል፤ ደኅና ደኅና ነገር ይጠይቃሉ። የሚናፍቁኝ ግን እነዚያ ናቸው።

ያቺ ልጅ ባለፈው ዓመት ከአረብ አገር ለዕረፍት መጥታ ልትጠይቀኝ ገባች። ሻርፕና ሽቶ አመጣችልኝ። አላስቻለኝምና ጥያቄዋን አነሳሁባት።

«እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት?» አለች። «ወላሂ እትዬ፣ ምንም ትዝ አይለኝ!» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ስለ ፊርማው አልነገርኳትም። አንድ ቀን እንኳ ያ መርማሪ ፊት ቆማ ቢሆን ኖሮ አትረሳውም ነበር። መርሳቷ ደስ አለኝ። ከሄደች በኋላ ግን ጥያቄዋን አዲስ ደብተር ላይ ጻፍኩት።