እንደ ፈረንጅ መኳንንት ስም ልናወርስ ስንል

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው... ዲላ ያንን የማያባራ ዝናቧን ታወርደዋለች። መናኸሪያው አጠገብ ያለችውን የስልክ መጠገኛ ሱቄን ገና እየከፈትኩ ሳለ ሚስቴ ደወለች። «ናሆም ጡት እምቢ አለ፣ ሰውነቱም ይፋጃል» አለችኝ። ሱቁን ልዝጋው፣ ክፍቱን ልተወው፣ እስካሁን ትዝ አይለኝም።

ትኩሳት ለያዘው ሕፃን ይሄ ሁሉ ምንድነው ትሉኝ ይሆናል። ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ።

አምና የመጀመሪያ ልጃችን ሞቶብናል። ሁለት ወር ሳይሞላው ሳንባ ምች ወሰደብን። ስሙ ናሆም ነበር።

ዘንድሮ ሁለተኛው ተወለደ፣ ወንድ። ሚስቴ ምሕረት ከዲላ ወጣ ብሎ ያለው የኮንጋ ቀበሌ ልጅ ናት፤ አራስ ቤት ተኝታ ስልኳ ላይ ስለ አውሮፓ መኳንንት ቤተሰቦች የሚተርክ ቪዲዮ ስታይ ነው የምትውለው። መጀመሪያ አብሬያት እስቅ ነበር። አንዱ የመስፍን ልጅ ሰባት ስም አለው አሉ... የአያቱ፣ የቅድመ አያቱ፣ የክርስትና አባቱ። «ይሄ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ስሙ ተጠርቶ ሳያልቅ ክፍለ ጊዜው ያልቃል» ብያታለሁ።

አንድ ቀን ግን ቪዲዮው ሌላ ነገር አወራ። እነዚያ መኳንንት ድሮ ልጅ ሲሞትባቸው ያንኑ ስም ለሚቀጥለው ልጅ ይሰጡት ነበር፤ ስሙ ከቤቱ እንዳይጠፋ። ምሕረት ስልኩን ደረቷ ላይ አስቀመጠች። «ይሄም ናሆም ይሁን። ዳግማዊ ናሆም» አለችኝ። ቀልዷን መስሎኝ ዞር ስል እያለቀሰች ነው። ምን ልበላት? እሺ አልኳት።

የምሕረት እናት ከኮንጋ ደውለው ስም ምንም አያደርግም፣ ብቻ ጸልዩ አሉን። የኔ እናት ግን ስትሰማ ምሕረትን ልታበላ የያዘችውን ገንፎ መልሳ አስቀመጠችው። እሷ ያሰበችው ምትኩ እንድንለው ነበር፤ በእኛ ወገን በሞተው ፈንታ የመጣ ልጅ ምትኩ ወይም ካሳ ነው የሚባለው። «ስሙን ስትጠሩ ያኛውም ይሰማል። ሰምቶ ቢመጣስ?» አለች።

እኔ ዘመናዊ ነኝ ባይ ነኝና ተቆጣኋት። ግን እውነቱን ልንገራችሁ... ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን በስሙ በጠራሁት ቁጥር ዓይኔ ወደ በሩ ይሄዳል።

እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት ቤት ስደርስ እናቴ ልጁን ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ላይ ጠቅልላ ቆማለች። ባጃጅ ይዘን ወደ ክሊኒክ ሄድን። መንገዱን ሙሉ እኔ በልቤ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለው፤ እኔ ነኝ ስሙን የፈቀድኩት፣ እኔ ነኝ...

ክሊኒኩ ያው የአምናው ነው። ኮሪደሩም ያው፣ አግዳሚ ወንበሩም ያው። ካርድ አውጥቼ መጥቼ ተቀመጥኩ። ነርሷ በሩን ከፈት አድርጋ «ናሆም ሙሉጌታ» ብላ ተጣራች።

አምናም በዚሁ በር ላይ እንዲሁ ተጠርቷል። ያን ቀን አቅፈነው ገብተን ባዶ እጃችንን ነው የወጣነው።

ምሕረትን አየኋት፣ ልጁን አጥብቃ ይዛ ዓይኗን ጨፍናለች። ነርሷ ደግማ ጠራች። ማንም አልተነሳም። ሌላ ካርድ ስታነሳ ከጎኔ ድምፅ ሰማሁ።

«ሙሉጌታ፣ ተነስ።»

እናቴ ናት። እናቴ ደግሞ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። «አባቴ» ነው የምትለኝ፤ ሰው ፊትም፣ ስልክ ላይም፣ ስትቆጣኝም። ስንቷ እናት ልጇን እንዲህ ትል የለ፣ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ስሜን ከአፏ ስሰማ ብድግ አልኩ።

ምሕረትን ከልጁ ጋር አስገብቼ ስመለስ፣ ዛሬ ምን ተገኝቶ በስሜ እንደጠራችኝ እናቴን ጠየቅኳት። መሬት መሬቱን እያየች ነገረችኝ። ከኔ በፊት የሞተ ወንድም እንደነበረኝ አውቃለሁ፤ ስሙን ግን ጠይቄ አላውቅም። ሙሉጌታ ነበር። አባቴ የልጄ ስም አይቀበርም ብሎ ለኔ ሰጠኝ፤ እሷ እምቢ ብትል የሰማት የለም። ገና ድክ ድክ እያልኩ ሳለ አንድ ቀን ስሜን ስትጠራ፣ እኔ ደጅ ሆኜ፣ ከጓዳ በኩል ሌላ ልጅ አቤት ያለ መሰላት። ከዚያ ወዲያ በስሜ መጥራቱን ተወችው። ሳል በያዘኝ ቁጥር፣ ባመሸሁ ቁጥር «መጣ፣ ሊወስደው ነው» እያለች ኖራለች። እኔ ደግሞ ስልክ ስታበዛብኝ እነጫነጭባት ነበር።

«ታዲያ ዛሬ አልፈራሽም?» አልኳት።

«ፈራሁ እንጂ። ግን ተራችን ሊያልፈን ሆነ።»

ጉንፋን ነው ተባለ። ሐኪሙ ብርድ ልብሶቹን እየገለጠ ተቆጣን፤ የሙቀቱ ግማሽ ከዚህ ነው የመጣው ብሎ። ምሕረት እያለቀሰች ሳቀች። እናቴ ብርድ ልብሶቹን አጣጥፋ ብብቷ ስር ያዘቻቸው።

ልጁ አሁን ደህና ነው፣ ይጠባል። ስሙም ናሆም ነው፤ ምሕረት አልለወጠችውም፣ እኔም ለውጪው አላልኳትም። ዛሬ ጠዋት ግን አስነጠሰው። ቁርሴን ጥዬ ተስፈንጥሬ አቀፍኩትና «ምነው አባቴ... ምነው አባቴ» ስል ራሴን ሰማሁት። እናቴ ከወዲያ ቀና ብላ አየችኝ።

ለካ እኛ ቤት የሚወረሰው ስሙ ብቻ አይደለም።