ለአያቴ ሽጉጥ የተገዛው ሞላ

ባለፈው ሰኞ ባቲ ገበያ ወርጄ፣ ማዳበሪያ ላይ አሮጌ ብረታ ብረት የዘረጋ ሰው አየሁ። ከመሃሉ አንድ ትንሽ ሞላ አንስቼ ጫን ለቀቅ ሳደርገው የአያቴ ሽጉጥ ትዝ አለኝ። ሻጩ "ምን ሊሠሩበት ነው አባቴ?" ቢለኝ ሞላውን ቦታው መለስኩት።

ያኔ ከሚሴ አጠገብ ስንኖር ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። አያቴ በሽታ ከጣለው ወዲህ ግራ ጎኑ ሰንፎ፣ ምላሱም ታስሮ ነበር። የማሽላ ገንፎውን በማንኪያ የማጎርሰው እኔ ነኝ። የእህቴ የዘይነባ ሠርግ ሲቃረብ አባቴን አንድ ሐሳብ ያዘው፤ በአያቴ ሳጥን ዝጎ የኖረውን ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አድሶ፣ ሙሽራው ሲመጣ ሊተኩስበት። ዝገቱን በላምባ አጠበው፤ እጀታውን በወይራ አስቀየረ። ከውስጡ ግን አንድ ሞላ ጎድሏል። ጠፍቶ ነው ብለን ከባቲ ሌላ አምጥተን አስገጠምን።

አባቴ ቃታውን ሞክሮ ቀጭ ሲያደርገው አያቴ በደህና እጁ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። እንባው ወረደ።

"አባ፣ አንድ ነገር ሊል ነው" አልኩ።

"ደስ ብሎት ነዋ! ጎልማሳነቱ ትዝ ብሎት።"

ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋሁ። ከትንፋሽ በቀር ምንም አልነበረም።

ሠርጉ የጨፋ ሜዳው ማሽላ ከተሰበሰበ በኋላ ሆነ። ሙሽራው በር ላይ ሲደርስ አባቴ ወደ ሰማይ ተኮሰ። እልልታ ስንጠብቅ አጃቢው ቀጥ ብሎ ቆመ። የሙሽራው አያት ከኪሳቸው የተቋጠረ ጨርቅ አውጥተው ፈቱት። ሞላ ነው።

"ያ ረቢ! አባትህ በዚህ ሽጉጥ ወንድሜን ገደለ። ሽማግሌዎቹ አባጋሮች ሲያስታርቁን፣ ደሙ የደረቀው ይህችን ነቅሎ ለእኛ ሲሰጥ ነው። መሣሪያው ላይጮህ፣ ነገሩም ለልጅ ላይወራ ተማማልን። ዛሬ ተዛመድን ብዬ ልመልስለት ነበር የመጣሁት።"

አባቴ "ወላሂ አላወቅኩም" ቢል ማን ይስማው! መሐላ በፈረሰበት ደጅ ኒካህ አይታሰርም ብለው ሙሽራውን ይዘው ተመለሱ። ዘይነባ ሂና በተቀባ እጇ ፊቷን ሸፍና ቀረች። አባቴ እየሮጠ ገብቶ አያቴን "ምነው ሳትነግረኝ?" ብሎ ጮኸበት። ምላሱ ለታሰረ ሰው ምን እንዳለ ሲገባው አልጋው ሥር ዘጭ አለ።

እህቴ ኋላ ሌላ አግብታ፣ ወልዳ ከብዳለች። እኔ ግን አሁን የአያቴ ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ። ምላሴ ሳይታሰር ለልጆቼ ሁሉንም ልንገራቸው እልና እሰበስባቸዋለሁ። ይቀመጣሉ፤ ይጠብቁኛል። የትኛውን ነገር ሳያውቁ ቢቀሩ እንደሚጎዱ ግን እኔም አላውቅም።