ጳጉሜ ስድስትን ያላወቀው ዌብሳይት

ከካዛንቺስ የወጣሁ ዕለት ማንም እንዳይሸኘኝ ብዬ ለሰፈሩ ሰው ዋሽቼ ነበር። አውቶቡሱ ማክሰኞ እየተነሳ «ሐሙስ ነው የምሄደው» አልኩ። የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሽ መርጊያ ግን ከእናቴ ሰምተው ኖሮ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ዣንጥላቸውን ይዘው በራችን ላይ ቆመዋል። «ኡጋንዳ ዝናብ አይጠፋም አሉ፤ ያዛት» ብለው እጄ ላይ አኖሯት። ግንባሬን ሲስሙኝ መሬት መሬት አየሁ። እሳቸው የመለያየት ሐዘን መሰላቸው መሰለኝ፣ «አይዞህ ልጄ፣ አገር ለቆ መሄድ ካንተ አልተጀመረም» አሉኝ።

አገር ቤት ያላችሁም፣ እዚህ ካምፓላ አብራችሁኝ ያላችሁም፣ ስለ ሞያሌ መንገድና ስለ ኬላው ከኔ የበለጠ የሚያወራ አታጡም። እኔ የምነግራችሁ ያን ሽማግሌ ቀና ብዬ ማየት ለምን እንዳቃተኝ ነው።

ካዛንቺስ አንድ ኢንተርኔት ቤት ጥግ ላይ ጠረጴዛ ነበረችኝ። ሥራዬ ዌብሳይት መሥራት ነው፤ ማለቴ፣ ሥራ ከተባለ። ስክሪፕት የሚባል ነገር አለ፤ ፈረንጅ ጽፎ የጨረሰው፣ በነጻ የሚወርድ ዝግጁ ፕሮግራም ነው። አውርደህ የደንበኛውን ስም ትጽፍበታለህ፣ ፎቶ ትለጥፍበታለህ፣ ቀለሙን ትቀይራለህ፣ በቃ። ለፔንሲዮኑም፣ ለሾፌር ማሠልጠኛውም፣ ለፎቶ ቤቱም ያንኑ ነበር የምሰጠው። አንዴ የአንድ ጥርስ ሐኪም ዌብሳይት ላይ «ለስንት ሰው ጠረጴዛ ይያዝልዎ?» የሚለውን ሳላጠፋው ቀርቼ፣ ሐኪሙ ስንት ቀን በስልክ ሲያሳድዱኝ ከረሙ። ደንበኞቼ አቅማቸውን የሚያውቁ ሰዎች ስለሆኑ ርካሽ ነገር ነው የሚፈልጉት፤ ዝግጁ መስጠቴ ነውር አልነበረም። ነውሩ «ሌት ተቀን ቁጭ ብዬ ከባዶ ጻፍኩት» ማለቴ ነው። ኢንጂነር ሲሉኝ ደስ እያለኝ እሰማ ነበር።

እትዬ ዘውዴ የሠርግ አዳራሽ ነበራቸው። «ውጭ ያሉት ልጆች እዚያው ሆነው ቀን የሚይዙበት ዌብሳይት ሥራልኝ፤ ደግሞ እንዳታስወድድብኝ» አሉኝ። ቀን መያዣ ስክሪፕት አወረድኩ። የሚሠራው ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የአዳራሹን መዝገብ ሃያ ዓመት የያዙት ጋሽ መርጊያ ደግሞ የሚያውቁት የኛን ነው። እሱንም ቢሆን አንድ የማላውቀው ሰው ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጣትን ቀን መለወጫ አገኘሁና ለጠፍኩበት። ሙሽራዋ በፈረንጅ ቀን ትይዛለች፣ ጋሽ መርጊያ ኮምፒውተሩ ላይ በኛ ቀን አይተው ወደ መዝገባቸው ይገለብጣሉ።

ላስረክብ የሄድኩ ቀን ጋሽ መርጊያ መነጽራቸውን አድርገው ቀረብ አሉ። የሰፈሩ እድር ጸሐፊም እሳቸው ነበሩ፤ በዓሉንም ጾሙንም የሚያሰላ ሰው ሲጠፋ ሰው የሚሄደው እሳቸው ጋ ነው።

«ልጄ፣ ጳጉሜ ስድስት ስትሆን እኮ ቀኑ ይንሸራተታል» አሉኝ። «ከመስከረም እስከ የካቲት ከፈረንጁ ጋር በአንድ ቀን ይዛነፋል። ይሄ ያንተ ነገር ይህን ያውቃል?»

«ያውቃል ጋሽ፣ እኔው ራሴ አይደለሁ የጻፍኩት!»

አንዲት መስመር አላነበብኩም ነበር። ለማንበብም አልሞከርኩም።

ጳጉሜ ስድስት የሆነችበት ዓመት አለፈና ጥር ገባ፤ የሠርግ ወር። ውጭ አገር ያለች አንዲት ልጅ ለቅዳሜ ይዛለች፤ ቅዳሜው ጥር 19 ነው። ኮምፒውተሩ ግን ለጋሽ መርጊያ ጥር 20 ብሎ አሳያቸው፤ እሁድ። እሳቸውም እሁድ ብለው መዘገቡ፣ ክፍት የሆነውን ቅዳሜ በአካል ለመጡ ለአንድ የቄራ አባት ሰጡ። ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ የቄራዋ ሙሽራ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣ ሳለ፣ ከስታዲየም በኩል ክላክስ እያስጮኸ ሌላ አጀብ መጣ። ሁለት ሙሽራ በአንድ በር! እኔም ተጋብዤ በሩ ላይ ነበርኩ። ያቺ ልጅ ቬሎዋን ሰብስባ ቆማ «ይሄ የኔ አይደለም እንዴ?» ስትል አሁንም ይታየኛል።

ጋሽ መርጊያ እየሮጡ ሄደው የእድሩን ድንኳን አስመጡና ግቢው ውስጥ አስተከሉ። የልጅቷ እናት «ልጄን ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ዳሯት!» ብለው አለቀሱ። ሁሉም ድንኳኑ ላይ ሲረባረብ እኔ ቢሮ ገባሁ። ምን እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል፤ ቀን መለወጫዋ ጳጉሜ ስድስትን አታውቅም። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ሃያ የሚለውን በእጄ አሥራ ዘጠኝ አደረግሁት።

ወዲያው እትዬ ዘውዴ ጋሽ መርጊያን አስከትለው ገቡ። «አንተ፣ ማነው ያዋረደኝ? ማሽኑ ነው ሰውዬው?»

«እትዬ፣ ይዩት፣ ማሽኑ አሥራ ዘጠኝ ነው የሚለው። ጋሽ መርጊያ ሲገለብጡ ተሳስተው ይሆናል።»

ጋሽ መርጊያ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩ። «ሃያ ነበር ያየሁት» አሉ ቀስ ብለው። ቀጥለው ደግሞ፣ «ዓይኔ ነው እንግዲህ።»

በሳምንቱ ከአዳራሹ ተሰናበቱ። የእድሩንም መዝገብ «ቀን ለይቶ ማየት ያቃተው ሰው ምን ጸሐፊ ይሆናል» ብለው ራሳቸው አስረከቡ። እኔ ፓስፖርት ማውጣት ጀመርኩ። ለሰው ሁሉ «ሥራ ፍለጋ ነው» አልኩ።

ካምፓላ ከደረስኩ በኋላ ወረቀት ላወጣ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ሰውየው ሙያዬን ጠየቀኝ። ፕሮግራመር ነኝ አልኩ።

«እሰይ! ይሄ ፕሪንተር ሦስት ቀን እምቢ ብሎኛል።»

ጎንበስ ብዬ ሳይ ሶኬቱ አልተሰካም። ሰካሁለት። «በእውነት ትልቅ ባለሙያ ነህ» አለኝ፣ «ወረቀትህ ግን ሌላ ቀን ነው፤ ፈራሚው የለም።» እየሳቅኩ ወጣሁና መንገድ ላይ ሳቁ ጠፋብኝ። ካዛንቺስም እንዲሁ ነበር የሚያሞግሱኝ።

አገሩ ደግ ነው፣ አልዋሽም። ማቶኬ የሚሉት የተቀቀለ ጥሬ ሙዝ መጀመሪያ ላይ ጨው የረሱበት ድንች ሆነብኝ፤ አሁን ለምጄዋለሁ። ዝናቡ እንደኛ ክረምት ጠብቆ አይመጣም፣ ባሰኘው ቀን ይወርዳል። ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ እንደኛ ስለ ቤተሰቡ ሁሉ ይጠይቁሃል። «አባትህስ ደህና ናቸው?» ባሉኝ ቁጥር፣ አባቴ በሕይወት ስለሌለ፣ ትዝ የሚሉኝ ጋሽ መርጊያ ናቸው።

ሰባተኛው ዓመት ላይ አከራዬ ሙዜ ጆሴፍ፣ ሙዜ እንደኛ ጋሽ ማለት ነው፣ ለሚያከራዩአቸው ክፍሎች ዌብሳይት እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። «ርካሽ ይሁን፣ ሴቦ» አሉ፤ ጌታዬ እንደማለት ነው።

አፌ ለምዶበት «ከባዶ ስለምጽፈው ሦስት ወር ይፈጃል» አልኩ።

ሳቁብኝ። «የጎረቤቴ ልጅ ዝግጁ አውርዳ በሁለት ቀን ጨረሰች። ይሄ ኮቴ ሰልባጅ ነው፤ ልክ እስከሆነኝ ድረስ ማን ሰፋው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፤ ሲበላሽ ‹ጥፋቱ የኔ ነው› ትለኛለህ ወይ?»

 ሰውየው ቀልደው ሄዱ፣ እኔ በረንዳው ላይ ቀረሁ። ያን ሁሉ ዓመት ሰው ቢያውቅ የሚንቀኝ ዝግጁ ስለምሰጥ ይመስለኝ ነበር።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ከእናቴ ቁጥር ተቀብዬ ደወልኩ። ጋሽ መርጊያ በድምፄ አወቁኝ። «ኢንጂነር! አለህ?» አሉ። ሌላ ነገር ከማውራቴ በፊት አፍረጠረጥኩት፤ ሃያ ይል እንደነበር፣ በእጄ እንደለወጥኩት፣ ሁሉንም።  

«እና ዓይኔ ደህና ነበር?» አሉ።

«ደህና ነበር፣ ጋሽ።»

«ሃያ ነበር የሚለው?»

«ሃያ ነበር።»

«ቆይ። ስንዱም ትስማ። ጮክ በል፣ ጆሮዋ ደከም ብሏል።»

ስልኩን ለባለቤታቸው ለእትዬ ስንዱ ሰጡ። በአከራዬ ግቢ መሐል፣ አማርኛ የማይሰማው ጎረቤት ሁሉ እያየኝ፣ «ጋሽ መርጊያ አልተሳሳቱም! ያጠፋሁት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። አልሰሙም። ደግሜ ጮህኩ።

«ሰባት ዓመት ሙሉ» አሉ እትዬ ስንዱ፣ «ደብዳቤ ሲመጣ ‹እስኪ አንቺ እይልኝ› ይለኛል። እኔ እኮ ማንበብ አልችልም።» ቀጥለውም፣ «ለዘውዴስ ነግረሃታል?»

«አልነገርኳቸውም» አልኩ።

እሳቸውም ስልኩን ዘጉት። የእትዬ ዘውዴም ቁጥር አለኝ፤ እናቴ አብራ ልካልኛለች። እስከ ዛሬ አልደወልኩም።