ትልቁን ያስገዛሁት እኔ ነኝ

እናቴ ዓሣ ትሸጥ ነበር። ዓሣ ሻጭ ሲሏት ግን አትወድም፤ «ለሰው አዘጋጃለሁ» ነው የምትለው። አጥማጁ ጠዋት ከሐይቁ፣ ከቡሹሎ በኩል፣ በብስክሌት ያመጣልናል። እኔና እሷ ቆዳውን ገፍፈን፣ አጥንቱን አውጥተን፣ በላስቲክ ጠቅልለን ፍሪጅ ውስጥ እንደረድራለን። ከቢሮ የሚወጣው የመንግሥት ሠራተኛ ደጃችን ላይ ቆሞ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም እያለ ይከራከርና ሁለት ሁለት ጥቅል ይዞ ይሄዳል። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ቤታችን የቆመው በዚያ ፍሪጅ ነው። እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት በእሱ ነው። ማትሪክ አልመጣልኝም፤ እሱ እንኳ የፍሪጁ ጥፋት አይደለም።

ችግሩ መብራት ነበር። ዝናብ ሲጥል ይሄዳል፣ ንፋስ ሲነፍስ ይሄዳል፤ የማይሄደው ትልቅ ሰው ከአዲስ አበባ ሲመጣ ብቻ ነው። በዐቢይ ጾም ሁለት ጊዜ ሙሉ ፍሪጅ ዓሣ ጣልን። በሁለተኛው ጊዜ አንድ ደንበኛ የወሰደውን መልሶ አመጣና «እትዬ፣ እኔ ምንም አልልም፤ ሚስቴ ናት እንዲህ ያለችው» ብሎ ላስቲኩን ደፉ ላይ አስቀምጦ ሄደ። እናቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ኪሳራውን እንችለዋለን፤ «የእነሱ ዓሣ ይሸታል» የሚል ወሬ ከወጣ ግን አለቀልን። ፋሲካ እንዳለፈ የጆሮ ወርቋን ሸጠችና «ፍልሰታ ሳይገባ ጄኔሬተር እንገዛለን» አለች።

አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነው። በዕድሜ ብዙ አይበልጠኝም፤ አንተ ነው የምለው። ከገበያው ጀርባ ጋራዥ ያላቸው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሁለት ያገለገሉ ጄኔሬተሮች እንዳሏቸው ሰምቶ ሦስታችንም ሄድን። አንዷ ቀይ፣ ትንሽ፣ እጀታዋን ይዘው እንደ ሻንጣ የሚያንጠለጥሏት። ሌላው በሁለት ጎማ የሚገፋ ትልቅ።

እኔ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ከፍሪጁ ጀርባ ያለውን ቆርቆሮ ሳሙና በነካ ጨርቅ ወልውዬ የተጻፈውን ዋት በወረቀት ገልብጫለሁ። የፊዚክስ አስተማሪያችን የፍሪጅ ሞተር ሲነሣ ከሚሠራበት ብዙ እጥፍ ኃይል ይስባል ብለው ስለነበር አባዝቼ፣ ለአምፖልም ጨምሬ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበት ይዤዋለሁ።

መካኒኩ ትንሿን በአንድ ጉተታ አስነሧት። ድምፅዋ ከስፌት መኪና አይበልጥም። አጎቴ ፊቱ በራ።

«በቃ፣ ይቺ ናት።»

«አትችልም» አልኩት።

«ማን አለ?»

«ወረቀቱ።»

«ወረቀቱ ሞተር ነድቶ ያውቃል?»

«አንተስ ፍሪጅ ነድተህ ታውቃለህ?»

መካኒኩ ሣቁ። ቀጥለው ትልቁን አስነሡት። የግቢው ዶሮዎች ተበታተኑ። አጎቴ አፉን ሲያንቀሳቅስ ይታየኛል፤ የሚለው አይሰማም። ሲጠፋ ጆሮዬ ሥር መጥቶ «ይሄ እኮ ቀበሌ ድረስ ይሰማል» አለኝ።

«ይሰማ። ሰርቀን ነው እንዴ?»

መካኒኩን ቀና ብሎ አየና ዝም አለ። ዝም ያለበትን ምክንያት አውቃለሁ፤ ያን ዕለትም አውቀው ነበር። ቤንዚን በኩፖን ነው፣ ኩፖን የሚሰጠው ለባለመኪና ነው፣ እኛ መኪና የለንም። ለጄኔሬተሩ የሚሆነው ቤንዚን አጎቴ ከሚነዳው የመንግሥት መኪና በጎማ ቱቦ የሚቀዳው ነበር። ይህን እያወቅሁ ስለ ዋት ተከራከርኩ። ዋቱን አስልቼ ነበር፤ ጆሮን የሚያሰላ ትምህርት አልተሰጠኝም።

መካኒኩ ለእናቴ «እመቤት፣ ፍሪጁን በጋሪ አምጥታችሁ በትንሿ ብትሞክሩት ምን ይመስልዎታል? ከቻለች ቻለች» አሏት።

«ቁጥሩ ተጽፏል፤ ምኑ ነው የሚሞከረው?» አልኩ እኔ፣ ሳልጠየቅ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ነሽ የተማርሽው። የትኛውን?»

«ትልቁን።»

ገዛነው። አጎቴ እስከ ቤት እየገፋ ወሰደው።

መጀመሪያ ላይ እኔን የሚያህል ሰው አልነበረም። መብራት ሲሄድ ገመዱን እስባለሁ፣ ማሽኑ ያገሳል፣ ፍሪጁ ይንቀጠቀጥና ይነሣል። ጎረቤታችን ባጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ «እናንተ ዛሬም መብራት አላችሁ?» ትላለች፤ ዘመዱ የተሾመለትን ሰው የሚያናግሩበት ድምፅ ነበር። እናቴ ለጎረቤት ልጆች ዓሣ ጠብሳ መስጠት አበዛች። ፍርሃት መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላው የቀበሌው ሊቀመንበር ከሁለት ሰዎች ጋር መጣ። ማሽኑን ዞሮ ዞሮ አየው፤ በጫማው ጫፍ ጎማውን ነካ አደረገው።

«ጥሩ ዕቃ ነው፣ እናት። የት እንዳለ ለማወቅ አልቸገረንም።»

«ለዓሣው ብዬ ነው፣ ጓድ» አለች እናቴ።

«ቤንዚኑን ከየት ያገኛሉ?»

«ብዙም አይጠጣም።»

«አይጠጣ። ከየት ነው?»

አጎቴ ጓዳ ነበር፤ ሲተነፍስ ይሰማኛል። እናቴ እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች፤ እጇ ደረቅ ነው። ሊቀመንበሩ እጇን አይቶ ፈገግ አለ።

«ግድ የለም። እሑድ ስብሰባ አለን፤ መብራት እየሄደ ድምፅ ማጉያው ያስቸግረናል። ለሰፊው ሕዝብ ቢያውሱት ማንም ስለ ቤንዚን አይጠይቅም።»

«ይውሰዱት» አለች።

ሰኞ መለሱት፣ የቤንዚን ጋኑን አድርቀው። በሚቀጥለው እሑድ ወሰዱት፣ በሚቀጥለውም። ቅዳሜ ከሰዓት ሰው እየላኩ መውሰድ ልማድ ሆነ።

በዚያው ሰሞን አጎቴ ትንሿን ማሽን ሐይቅ ዳር ለስላሳ የምትሸጥ ሴትዮ እንደገዛቻት ነገረኝ። ሄጄ ማሽኗን አየኋት። በረንዳው ጥግ ተቀምጣ ታጉረመርማለች፤ ከኛ የማያንስ ፍሪጅ አስነሥታ ሚሪንዳው ላብ አውጥቶ ይታያል። ሴትዮዋ ከደንበኛ ጋር ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ታወራለች። አንድ ለስላሳ ጠጣሁና ወጣሁ። ለእናቴ አልነገርኳትም። የዛሬ ዓመት ያልነገርኳትን ዛሬ መጻፌ ምን እንደሚጠቅም አላውቅም።

ፍልሰታ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ አጥማጁ ከወትሮው እጥፍ አመጣ፤ እሑድ ጸሎት ቤት ስለሚሄድ ሐይቁ ላይ አይወጣም። ሰኞ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በሙሉ ሊወስዱ ቃል ገብተው ነበር። ሞላነው፤ የፍሪጁ በር በጉልበት ነው የተዘጋው። ከሰዓት የቀበሌው ሰው መጣ። መብራት ስለነበረ እናቴ «ውሰድ» አለችው። ማሽኑ ከአጥራችን እንደወጣ፣ ዐሥር ሰዓት ገደማ፣ መብራት ሄደ።

እሑድ ጠዋት ሊቀመንበሩን ቢሮው በር ላይ አገኘሁት።

«ለሁለት ሰዓት ብቻ ይስጡን። ፍሪጁ ከቀዘቀዘ መልሼ አመጣዋለሁ።»

«ስብሰባው ሲያልቅ።»

«ሲያልቅ ዓሣው አይኖርም።»

«የአንድ ቤት ዓሣና የአንድ ቀበሌ ሕዝብ ታወዳድሪያለሽ?» አለኝ። አልተቆጣም። «ለመሆኑ እናትሽ ትመጣለች አይደል? ስም ይጠራል።»

መጣች። ያልመጣ ሰው የስኳር ካርዱን ይነጠቃል። አዳራሹ ውስጥ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን፣ በመስኮቱ በኩል፤ ማሽናችን ከመስኮቱ ሥር ያገሳል። ተናጋሪው ምርትን ስለማሳደግ ይናገራል። እናቴ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ታዳምጣለች።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ነገርኳት። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ጠየቀችኝ። ሲጨበጨብ አጨበጨበች፤ እጅ አውጡ ሲባል አወጣች።

እኩለ ቀን ላይ ማሽኑ አነቀውና ቆመ። ድምፅ ማጉያው ሞተ። ሊቀመንበሩ በባዶ ድምፁ «ቤንዚን አለቀ፣ ጓዶች፤ ትንሽ እንታገሥ» አለና ዐይኑን ሕዝቡ ላይ አንከራትቶ ከኋላ የተቀመጠው አጎቴ ላይ አሳረፈ። አጎቴ ተነሥቶ ወጣ። ሲመለስ በእጁ የያዘው አልጋ ሥር ለፍሪጁ ያስቀመጥናት ጀሪካን ነበረች። ከኋላችን አንዱ «እንዲህ ነው እንጂ ጓድ» አለ፤ ሌሎቹ ሣቁ። ማሽኑ ተነሣ። ስለ ምርት የቀረው ሁሉ ተነገረ።

ቤት የደረስነው ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነው። እናቴ ፍሪጁን ከፈተች፤ አንድ ጥቅል አውጥታ በጣቷ ጫን አደረገችው፤ ጣቷ የገባበት ቦታ ተመልሶ አልሞላም። አሸተተችው።

«በሎሚና በጨው ብናሸው?»

«ይሸታል» አልኳት።

«ብንጠብሰውስ?»

«ጠብሰሽም ይሸታል።»

በጆንያ አድርገን ሐይቅ ዳር ወስደን ለአባ ኮዳዎቹ፣ ለእነዚያ ረጃጅም መላጣ ወፎች፣ ደፋነው። እነሱ ስለ ሽታው ቅሬታ አልነበራቸውም።

ሰኞ ደንበኞቹ መጡ። እናቴ ጓዳ ስለነበረች በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ፊት የቆመው፣ መነጽር ያደረገው፣ «ዝግጁ ነው?» አለኝ። «የለም፤ ተበላሽቶብን ጣልነው» አልኩት። እርስ በርሳቸው ተያዩ። «እንደ ዐቢይ ጾሙ?» አለ አንዱ። ሌላው «እግዜር ነው ያተረፈን» አለ፤ ለቀልድ ያህል። መርቀውኝ ሄዱ፣ አልተመለሱም።

እናቴ ከኋላዬ ቆማ ሰምታለች።

«አጥማጁ አላመጣም ብትያቸው ምን ነበረበት?»

«እውነቱን ነው የነገርኳቸው።»

«እውነቱን እኔም አውቀዋለሁ። እነሱ ሰምተው ምን አደረጉልሽ?»

ሳምንቱን ሙሉ ደጃችን ላይ የቆመ ሰው የለም። ዐርብ ጠዋት አጥማጁ ብስክሌቱን አጥሩ ላይ አስደግፎ ዓሣውን ሊያወርድ ሲል እናቴ ወጣችና «ወደ ሌላ ውሰደው፣ ልጄ» አለችው።

«ለነገስ?»

«ለነገም።»

ገብታ ፍሪጁ ፊት ቆመች። ያን ዕለት መብራት ነበረ፤ ፍሪጁ ባዶ ሆዱን ይሠራ ነበር። ገመዱን ከግድግዳው ነቀለችና ጠቀለለችው። በሩን እስከ ጥግ ከፍታ፣ እንዳይዘጋ በርጩማ አስደገፈችለት።