ያልተዘረፈችው ሸሪፋ

ሸሪፋ ቦሩ ሜዳ ተወልዳ፣ ልብስ ስፌት ደሴ ተምራ፣ ኮምቦልቻ አግብታ ባሏንም እዚያው የቀበረች ሴት ናት። ልጅ የላትም። በጦርነቱ ከተማው ሲያዝ ከሱቅ ጎረቤቶቿ ጋር ሸሸች፤ አብራቸውም ተመለሰች። የባለሱቁ የበላቸው ሸቀጣ ሸቀጥ እስከ መደርደሪያው ተጠርጎ፣ የፀጉር ሠሪዋ የፋሲካ ቤት መስታወቱ ረግፎ ጠበቃቸው። የሸሪፋ ሱቅ ግን እንደተቆለፈ ነበር። ጀምራ የተወችው ቀሚስ እንኳ ከመርፌው ሥር አልተነቃነቀም።

"አልሐምዱሊላህ!" ብላ ጮኸች። የፋሲካን ፊት ያየችው ቃሉ ከአፏ ካመለጣት በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሱቅ መደዳው ወግ ማን ምን እንደተወሰደበት ብቻ ሆነ። ከሰዓት በኋላ በበላቸው ሱቅ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ ተሰብስበው የጠፋባቸውን እያነሱ ያዝናሉ፤ አንዳንዴም ይስቃሉ። ሸሪፋ ስትቀርብ ወሬው ይቆማል።

"ዘራፊዎቹን ምን ብለሽ ነው ያሳለፍሻቸው ሸሪፋ?" አላት በላቸው አንድ ቀን። "ዱዓሽን ለኛም አስተምሪን እንጂ!"

"እኔ ምን አውቄ፤ ከናንተው ጋር አልነበርኩም?"

"ነበርሽ፣ ነበርሽ።"

ሳቁ። ቀልድ ነበር፤ ግን ማንም ጠጋ አላለላትም። ሸሪፋ፣ "ቤት የነበረው የጥልፍ መኪናዬስ?" አለች። "እሱን ወስደውታል። በናንተ ሐዘን ላይ አልጨምርም ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

ፋሲካ ከመቀመጫዋ ተነሳች። "ውይ እትዬ ሸሪፋ! ይህን ሁሉ ጊዜ በሆድዎ ይዘው?" ክንዷን ይዛ አስቀመጠቻት። በላቸው አንገቱን ደፋ።

"ይቅር በይኝ። አላህ ይተካልሽ።"

ስለ መኪናው ጠየቋት። ባሏ የገዛላት መሆኑን ስትነግራቸው አለቀሰች፤ ይህኛው እውነት ነበር።

በማግስቱ የከሰዓቱን የአሱር ሶላት ሰግዳ መስገጃዋን ስታጥፍ ድምፃቸውን ከደጅ ሰማች። ንብረት የጠፋበትን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ ማጽናናት ደንብ ነውና መደዳው በሙሉ መጥቷል። ከባሏ ለቅሶ ወዲህ ይህን ያህል ሰው ደጇን ረግጦ አያውቅም። ቤቷ አንድ ክፍል ነው። የጥልፍ መኪናው መሐሉ ላይ ቆሟል።

"እትዬ ሸሪፋ! እኛ ነን!"

ብርድ ልብስ ጣለችበት። ቅርጹ ያው መኪና ነው። ገፋችው፤ የብረት እግሩ ወለሉን ፍቆ ሲጮህ ተወችው።

"አሞኛል" አለች በሩን ሳትከፍት። "ሌላ ቀን ኑልኝ።"

"እንግዲያማ ክፈችና እንይሽ" አለ በላቸው።

"ተዋቸው" አለች ፋሲካ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ባዶውን ቦታ ሰው እንዲያይባቸው አልፈለጉም። እኔም በተዘረፍኩ ሰሞን እንዲሁ ነበርኩ።"

ይህ ሁሉንም አሳመናቸው። "አላህ ያሽርሽ" እያሉ አንድ በአንድ ሄዱ። ሸሪፋ እጇን ከበሩ መወርወሪያ ላይ ሳታነሳ፣ ኮቴያቸው ከመንገዱ ጫጫታ ጋር እስኪቀላቀል አዳመጠች።